ተረጋጋህ ወይ?

የለንደን የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸኝ ጀልባ ገዛሁ። የምኖረውም እዚያው ውስጥ ነው። ካናል ላይ፣ ማለትም ሰው በቆፈረው የውሃ መንገድ ላይ የምትሄድ፣ እንደ ኮሪደር የቀጠነች የብረት ጀልባ ናት፤ ወርዷ 2 ሜትር ከ10 ገደማ። አዲስ አበባ ላሉት አክስቴ ግን «የራሴን ቤት ገዛሁ» ብቻ ነው ያልኳቸው። እልል አሉ። ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ተረጋጋህ ወይ ልጄ?»

እንዴት ብዬ! ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። በፈረንጆቹ 1995 የወጣ ሕግ ነው። መረጋጋት በአዋጅ ተከልክያለሁ ማለት ነው።

የጀልባ መቆሚያው ደግሞ ካስማ ነው። ሁለት ብረት ዳር ላይ በመዶሻ ትመታና ገመድህን ታስራለህ፤ ልክ የሠርግ ድንኳን እንደ መትከል። አንዱ ችኩል በፍጥነት ሲያልፍ ታዲያ ውሃው ጀልባህን ይጎትትና ካስማውን ይነቅለዋል። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ማዶ ነኝ። ተኝቼ ሰፈር ቀይሬያለሁ።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ጓደኞቼን ቡና ጠራሁ። እጣኑ ሲበዛ ሁሉም ወደ ውጭ ወጣ። በማግስቱ ሞተር አስነስቼ ትንሽ እንደሄድኩ ጀልባዋ አቃሰተች፤ ቀጥ አለች። ፕሮፔለሩን፣ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋውን ብረት፣ የሆነ ነገር አንቆታል።

መፍትሔው ቀላል ነው ይላሉ፣ እጃቸውን የማይከቱት ሰዎች። ሞተር ታጠፋለህ። ከኋላ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ክዳን ትከፍታለህ። በደረትህ ተኝተህ፣ የዳቦ ቢላ ይዘህ፣ እጅህን እስከ ብብትህ በረዶ ውሃ ውስጥ ትከታለህ። መጀመሪያ ፌስታል ወጣ። ቀጥሎ ሽቦ። ከዚያ አንድ ነጭ ነገር ይጎተት ጀመር፤ አያልቅም። ጥለቱን ሳይ ገባኝ። ነጠላ! ፕሮፔለሩ የሸማኔውን ድካም መልሶ ፈትል አድርጎታል። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁ፤ ላላ ብሎ ሞተር ከተነሳ ቤትህ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል።

ማታ አንዷ ደወለች። «ነጠላዬን እዚያ ረስቼ ይሆን?»

«ኧረ አላየሁም።»

እዚሁ ለንደን ሊ የሚባል ወንዝ ላይ የደረሰብኝ ግን ይባስ። ወንዝ ይገፋል፤ ሞተር ቢጠፋ የሚያድንህ መልህቅ ብቻ ነው። ጠፋ። ሮጬ መልህቁን አነሳሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። ሰንሰለቱ እየተንኳኳ ተከተለው። ከሰንሰለቱ ኋላ የሚመጣ ነገር አልነበረም። ጫፉን ጀልባው ላይ ማሰር ረስቻለሁ። ዳር የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ አጨበጨበልኝ።

ጀልባዋ እየተሽከረከረች ሄዳ ሄዳ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰነቀረች። ቅጠል በመስኮት ገባ። ስልኬ ጮኸ።

«ተረጋጋህ ወይ ልጄ?»

«አዎ እትዬ። ዛፍ ሥር ነኝ።»

«እሰይ! ግቢው ዛፍም አለው?»