ቀዩ እስክሪብቶና ማርስ፦ የጀማሪን የጠፈር ታሪክ እንዴት እንሂስ?

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን የምናነብ ጥቂት ሰዎች ነን። ቦታችን ከፍቅር ሐይቅ ብዙም አይርቅም። ጀማሪዎች ረቂቃቸውን ያነባሉ፣ ሌሎቻችን አስተያየት እንሰጣለን። በቅርቡ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ 9 ገጽ አጭር ልብ ወለድ ይዞ መጣ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። እናቷ አሞራ ገደል በተባለው የሐይቅ ዳር የዓሳ ገበያ ዓሳ እየጠበሰች ያሳደገቻት የሐዋሳ ልጅ ማርስ ላይ ታርፋለች። ከእናቷ ጋር በየቀኑ በስልክ ታወራለች። ገጽ 5 ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተሽከርካሪዋን ይገለብጠዋል። ገጽ 7 ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ሄልሜቷን አውልቃ፣ እናቷ በልጅነቷ ታንጎራጉርላት የነበረውን ዜማ ታዜማለች።

አንድ የፊዚክስ መምህር አባላችን ረቂቁን ቤት ወስደው፣ 17 ቦታ ላይ በቀይ አስምረው መለሱለት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ አልመጣም። የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ የነበረች፣ አሁን ነርስ የሆነች አባላችን በዚህ በጣም አዘነች። ክርክሩ በቃል ሲከር ሁለቱም እንዲጽፉልን ለመንናቸው። የጻፉት እነሆ።

መምህሩ

ልጁ እንዲቀር አልፈለግኩም። ጎበዝ ልጅ ነው። የታሪኩን ስህተት አለፍ ብዬ "ቆንጆ ነው፣ በርታ" ብዬው ቢሆን ኖሮ ግን እንደ ናቅኩት እቆጥረው ነበር።

አማርኛ "መቼት" የሚል ጥሩ ቃል አለው። መቼ እና የት ተጣብቀው የሠሩት ቃል ነው። ታሪክህ ፒያሳ ላይ ከሆነ ፒያሳን ማወቅ አለብህ። ባጃጅ ሐይቁን አቋርጦ ሲሄድ ብትጽፍ የሐዋሳ አንባቢ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጠዋል። ማርስም ቦታ ነው። የራሱ አየር፣ የራሱ ስበት፣ የራሱ ቀን አለው። ሩቅ ስለሆነ ብቻ እንደፈለግን አንሠራውም።

ነፋሱን እንውሰድ። የማርስ አየር በጣም ስስ ነው። ግፊቱ ከምድር አየር 1 በመቶ አይሞላም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ እንኳ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ እንደሚመጣው ነፋሻ ፊትን ቢዳብስ ነው። ተሽከርካሪ አይገለብጥም። ማዕበሉ አደገኛ አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2004 ማርስ ላይ አረፈች። ለ90 የማርስ ቀናት ታስባ ከ14 ዓመት በላይ ሠራች። በ2018 መላዋን ፕላኔት የሸፈነ አቧራ ተነሳና ፀሐይን ጋረደባት። በፀሐይ ኃይል ነበር የምትሠራው። ባትሪዋ ደከመ፣ ከዚያ በኋላ ድምጿ አልተሰማም። እስቲ የልጁን ጀግና እዚያ አስቀምጧት። ምንም አይገለበጥም። ሰማዩ ብቻ ይጠቁራል። እሷ የባትሪውን ቁጥር ታያለች፤ 40፣ 31፣ 22። ይህ ከመገልበጥ አይበልጥም?

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው። ማርስ ስትቀርበን 3 ደቂቃ ያህል፣ ስትርቀን 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ለመሄድ ብቻ። መልሱ እስኪመጣ ሌላ ያን ያህል አለ። እናትየው አቦሉን እየቀዳች "በልተሻል ወይ ልጄ?" ብላ ትጠይቃለች። ቶናው ይጠጣል። መልሱ የሚደርሰው በረካው ላይ ነው። አንዲት እናት እንዲህ ስትጠብቅ የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢኖረው ኖሮ ሌላውን ሁሉ ይቅር እለው ነበር። ልጁ የጻፈው ግን እናትና ልጅ ከአንድ ሰፈር እንደሚደዋወሉ ቃል በቃል ሲቀባበሉ ነው።

ስለዚህ ሂስ ከእውነታው ይጀምር እላለሁ። ፊዚክሱን ስታስተካክል ታሪኩ ራሱ የተሻለ ይሆናል።

ነርሷ

ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ። የቡናው ነገር እንባዬን አመጣው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለምን ለልጁ አልነገሩትም?

ረቂቁን አሳይቶኛል። ገጽ 3 ላይ፣ የስልኩ ቦታ ላይ፣ የጻፉለት "ስህተት፤ የብርሃን ፍጥነት" የሚል ብቻ ነው። አቦል የለም፣ በረካ የለም። እኛ ዛሬ ያነበብነውን እሱ አላነበበም። እሱ ያየው ቀይ መስመር ነው። 17 ጊዜ።

እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። አንድ ሰው 17 ችግር ይዞ ቢመጣ 17ቱንም እኩል አናይም። መጀመሪያ መተንፈሱን እናያለን። ሌላው ይደርሳል። የልጁ ታሪክ የሚተነፍሰው በእናትና በልጅ መካከል ነው። መጀመሪያ "ይህን አይቻለሁ፣ ይዞኛል" ሊባል ይገባው ነበር። ከዚያ ስለ ብርሃን ፍጥነት ቢነገረው ራሱ እየሮጠ ያስተካክለው ነበር።

ልጁን ላባብል የመጣሁ እንዳይመስልዎ። እኔም በታሪኩ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ምናልባት ከእርስዎ ይከፋል። 17ቱም መስመርዎ ማርስ ላይ ነው። አሞራ ገደልን አንድም ቦታ አላረሙም።

ገጽ 2ን እንደገና ያንብቡት። ጀልባዎቹ አመሻሽ ላይ ዓሳ ሞልተው ይገባሉ ይላል። መረቡ ማታ ይጣላል፣ የሚነሳው ጠዋት ነው። ጠዋት ሄዶ የቆመ ሰው ይህን አይስትም። ልጆች ተቀምጠው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊውን እየጠበቁ በሰው መሐል ይንጎራደዳሉ። ታሪኩ ውስጥ አንድም አባ ኮዳ የለም! እናትየውም እንደዚያው ናት። ቀኑን ሙሉ ዓሳ ስትጠብስ ትውላለች፣ ማታ ልጇን ስታቅፍ የሽቶ ሽታ አላት። አክስቴ በዚህ ሥራ ነው ያሳደገችኝ። ዘይት የፈነጠቀባት ክንዷ ላይ ትናንሽ ጠባሳዎች አሉ። ሽታው በሳሙና አይለቅም። ልጅ ሆኜ በዚያ ሽታ እተኛ ነበር።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። ማርስን ያላየ ደራሲ ሊሳሳት ይችላል። ከቤቱ በእግር የሚደርስበትን ያላየ ግን ለምን አላየም? የነፋሱ ስህተት በአንድ ከሰዓት ይታረማል። እናትየዋ እውነተኛ ካልሆነች ግን ዘጠኙም ገጽ እንደገና መጻፍ አለበት። ማርስ ላይ ስላለችው ልጅ የምናለቅሰው የምትናፍቀው ነገር እውነት ሲሆን ነው።

መምህሩ

ሲስተር፣ ስለ ገጽ 3 ልክ ነሽ። ያሰብኩትን ሳይሆን ያየሁትን ስህተት ብቻ ጻፍኩለት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጀልባዎቹንም ሰዓት አላየሁትም። እዚህ ከተማ 20 ዓመት ኖሬ!

ዋናው ነገር ላይ ግን አልለቅም። ሰውየውን አስቀድመን ፊዚክሱን እናስከትል ትያለሽ። ህዋ ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም። እ.ኤ.አ. በ1965 አሌክሲ ሌኦኖቭ ከመንኮራኩር ወጥቶ ህዋ ላይ የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ውጪ የቆየው 12 ደቂቃ ያህል ነው። ሊመለስ ሲል ልብሱ ባዶው ህዋ ላይ ተነፍቶ፣ ደርቆ፣ በመግቢያው አላስገባ አለው። ከልብሱ ውስጥ አየር እያስተነፈሰ ነው የገባው። የሚተነፍሰውን አየር እያፈሰሰ! የዚያን ሰው ፍርሃት ልትጽፊ ብትፈልጊ የግፊትን ነገር ሳታውቂ ከየት ትጀምሪያለሽ?

ቁጥርም ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስን ልትዞር የተላከች መንኮራኩር ጠፋች። አንዱ ወገን በፓውንድ ያሰላውን ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ስለተቀበለው ነው። አንቺም ሚሊግራምና ማይክሮግራምን ሳትለዪ መድኃኒት አትሰጪም።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ ክፍል ውስጥ ስለ እሷ ሳወራ የተማሪዎቼን ዓይን አይቻለሁ። ያን ቀን የተጠየቅኩትን ያህል ጥያቄ በሌላ ቀን ተጠይቄ አላውቅም። ብዙ ልጅ ስለ ህዋ መጀመሪያ የሚሰማው ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከልብ ወለድ ታሪክ ነው። ተሳስቶ ከሰማ ሳርም እኖራለሁ። እስከ ዛሬ "ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት እዚያ ስበት ስለሌለ ነው" የሚሉኝ አሉ። ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ባለበት 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምድር ስበት 90 በመቶ ያህሉ አለ። የሚንሳፈፉት ከነጣቢያው ምድርን እየዞሩ ሳያቋርጡ ስለሚወድቁ ነው። እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው! ይህን የሚጽፍ አንድ የሐዋሳ ልጅ እፈልጋለሁ።

ገጽ 7 ግን ይውጣ። ማርስ ላይ ሄልሜቱን ያወለቀ ሰው ቢበዛ በ15 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይስታል። አያዜምም። እስከዚያ ድረስ የምንፈራላት አየር ስለሌለ ነው። መጨረሻ ላይ እንደፈለገች ከተነፈሰች የፈራነው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ነርሷ

ቲቸር፣ ገጽ 7ን አይንኩብኝ።

የሥራዬን ልንገርዎ። ኦክስጅን በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ እና ቀስ እያለ ሲያንስ አንድ አይደለም። ቀስ እያለ ሲያንስ ሰው ላይጨነቅ ይችላል። ግራ ይጋባል። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፣ ይስቃል፣ "ደህና ነኝ" ይላል። ኦክስጅን የሚሰጠውን ማስክ ከፊቱ የሚገፋም አለ። እጁን ይዤ መልሼ አድርጌለታለሁ፣ እንደገና ይገፋል። በዚያ ሰዓት ደህና እንዳልሆነ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ገጽ 7ን እንዲህ ያንብቡት። ልጅቷ ሄልሜቷን አላወለቀችም። ያወለቀች መስሏታል። ልብሷ የሆነ ቦታ በቀጭኑ ያፈስሳል። የእናቷ ዜማ የመጣው፣ የዘይቱ ሽታ የመጣው ለዚህ ነው። የእርስዎ ፊዚክስ አልተነካም። ሞቷም ውሸት አልሆነም።

ልጁ ይህን አስቦ ነው ወይስ ሳያስበው ነው የጻፈው? ማናችንም አልጠየቅነውም። ስለ እሱ ሦስት ሳምንት ስንከራከር እሱን ዝም አስብለነዋል። ከዚህ በኋላ ረቂቅ ሲነበብ የመጀመሪያው ጥያቄ ለደራሲው ይሁን እላለሁ፦ "እዚህ ጋ ምን እንዲሰማን ፈለግክ?" እርማቱ ከመልሱ በኋላ ይምጣ።

ደግሞ አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ይህ ልጅ ጀግናውን ከሐዋሳ ነው የላካት። ወደ እኛ የሚመጡ የጠፈር ታሪኮች ብዙዎቹ የካፒቴናቸው ስም የፈረንጅ ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ሉሲ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር አንዲት አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው። እዚያው ትንሽ ጨረቃ አገኙላትና "ሰላም" አሏት። ስማችን እዚያ ደርሷል። አንድ ልጅ ደግሞ የእናቱን ከተማ ማርስ ድረስ ሊወስድ ሞከረ። ለእሱ 17 ቀይ መስመር ብቻ መልስ አይሆንም።

መምህሩ

ይህ ያንቺ ንባብ ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። ከ17ቱ መስመሮች አንዱን ሰርዣለሁ። ግን አንባቢው በምን ያውቃል? አንቺ ነርስ ስለሆንሽ አየሽው። እኔ 20 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ አላየሁትም። ምልክት ያስፈልጋል። ገጽ 6 ላይ የልብሷ የግፊት መለኪያ አንድ ጊዜ ይታይ። አንድ መስመር። ቁጥሩ ትንሽ ወርዷል፣ እሷ አላየችውም። በቃ።

ነርሷ

አይታይ፣ ቲቸር። መለኪያውን ካሳዩኝ እኔ ከእሷ ቀድሜ አውቃለሁ። ከዚያ ከውጭ ሆኜ ነው የማያት። እኔ ግን ከእሷ ጋር ሄልሜቱን ማውለቅ እፈልጋለሁ። ገጽ 8 ላይ እናትየዋ ስትጠይቅ፣ በረካው ሲያልቅ፣ መልስ ሲጠፋ፣ ያኔ ይግባኝ።

መምህሩ

ያኔማ አንባቢው "ማርስ ላይ መተንፈስ ይቻላል እንዴ?" ብሎ አቋርጦ ሄዷል። በዚህ አልስማማም። ከልጁ ጋር ትናንት በስልክ አወራን። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት አሞራ ገደል እንገናኛለን፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ። አንቺም ነይ። ቀዩን እስክሪብቶ አልይዝም። ስለ መለኪያው ግን እጠይቀዋለሁ።