ማስተካከያ፦ ብሪታንያ የኢንተርኔት ፖርኖግራፊን አላገደችም

ባለፈው ጽሑፋችን ብሪታንያ ከሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንተርኔት ፖርኖግራፊን አገደች ብለን ነበር። ስህተት ነው። በዚያ ቀን ሥራ ላይ የዋለው፣ ድረ ገጾቹ ተመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆኑን እንዲያጣሩ የሚያስገድደው ድንጋጌ ነው። «18 ዓመት ሞልቶኛል» የምትለዋን ሳጥን ነክቶ ማለፍ ከእንግዲህ አይበቃም፤ የመታወቂያ ፎቶ፣ ክሬዲት ካርድ ወይም ዕድሜን ከፊት ገጽታ የሚገምት ካሜራ ይጠየቃል። (ያቺ ሳጥን ድሮስ ማንን አስቁማ ታውቃለች?)

ይህን በማያከብሩ ድረ ገጾች ላይ የሚጣለውን ቅጣትም አሳንሰነዋል። «እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ» ያልነው ጎዶሎ ነው፤ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም እስከ ኩባንያው ዓለም አቀፍ ገቢ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሊቀጣ ይችላል።

ሦስተኛው ስህተት ከሁለቱም ይከብዳል። ሴት ስትታነቅ የሚያሳዩ የወሲብ ቪዲዮዎች የዕድሜ ማጣሪያውን ባዘዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በጸደቀው የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ተከልክለዋል ብለን ጽፈናል። ሕጉ ሲጸድቅ እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረበትም። ይከልከሉ የሚለው ምክር የመጣው የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት አባል ባሮነስ ጋቢ በርቲን በየካቲት 2017 ዓ.ም. ካቀረቡት፣ 32 ምክረ ሐሳቦች ካሉት የፖርኖግራፊ ግምገማ ነው። በዲቪዲ ለመሸጥ ፈቃድ የማያገኝ ምስል ስልክ ላይ እንደ ልብ መገኘቱ ከግምገማው ዋና ቅሬታዎች አንዱ ነበር። መንግሥትም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በሌላ ረቂቅ ማለትም በወንጀልና ፖሊስ ረቂቅ ሕግ በኩል መታነቅን በወሲብ ቪዲዮ ማሳየትን ወንጀል እንደሚያደርገው አስታወቀ። ሁለቱን ሕጎች ያደባለቅነው እኛ ነን፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።