ባምብልቢ ቮልስ ሲሆን ነው የሚያምርበት

ትራንስፎርመርስ የሚባሉትን፣ ሲቀየሩ ሮቦት የሚሆኑ የመጫወቻ መኪኖችን እሰበስባለሁ። አዎ፣ ትልቅ ሰው ነኝ። ሌላው ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ስልክና ሽቶ ሲጠብቅ እኔ የመጫወቻ ፎቶ ነው የምልክለት። እንደኔ ያለ ሰው ሌላ ሰብሳቢ ካገኘ ደግሞ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፦ ከሮቦቶቹ አንዱ፣ ቢጫው ባምብልቢ፣ መኪና ሲሆን የአሜሪካው የስፖርት መኪና ካማሮ ነው ወይስ ቮልስ?

ቮልስ ነው። በዚህ ብዙዎች ይስማማሉ። የሚያጣላኝ ቀጥሎ የምለው ነው። እስካሁን ካየኋቸው የባምብልቢ ቮልሶች ሁሉ የመጀመሪያዋ፣ ያቺ መዳፍ ውስጥ የምትገባው ድንክዬ ትበልጣለች።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ትራንስፎርመርስን የአሜሪካው የመጫወቻ ኩባንያ ሃስብሮ ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። መጫወቻዎቹን ግን እሱ አልፈጠራቸውም። አብዛኞቹን ያገኘው ታካራ ከሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ታካራ ቀደም ብሎ ዳያክሎንና ማይክሮቼንጅ በሚሉ ስሞች ይሸጣቸው ነበር። የዳያክሎን መኪኖች ትንሽዬ ሾፌር ነበራቸው። ሃስብሮ «ሮቦቶቹ ራሳቸው ሕይወት አላቸው» የሚል ታሪክ ሲያመጣ ሾፌሩ ሥራ ፈታ። ከድሮዎቹ መኪኖች አንዳንዶቹን ከፍቶ ያየ ሰው ዛሬም ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ያገኛል።

የማይክሮቼንጅ ሐሳብ ሌላ ነው። እዚያ ሮቦቱ የሚደበቀው ዕቃ ውስጥ ነው፦ ካሴት ማጫወቻ፣ ሽጉጥ፣ ማይክሮስኮፕ። ዕቃው በእውነተኛ መጠኑ እንዲታይ ነው የተፈለገው። ታዲያ መኪናስ? እውነተኛ መኪና የሚያህል መጫወቻ ማን ቤት ይገባል? ስለዚህ የሠሩት የመጫወቻ መኪና ነው። ታካራ ያኔ ቾሮ ኪው የሚባሉ አጫጭር፣ ድቡልቡል መኪኖች ነበሩት። ባምብልቢም በነሱ አምሳል ተሠራ። «ቮልስ አይመስልም፣ የተጨፈለቀ ነው» የሚሉት ሰዎች ይኼን ይስቱታል። ሲጀመርም የመጫወቻ መኪና መስሎ የተደበቀ ሮቦት ነው። ልጅ ያለበት ቤት ወለል ላይ ማን ልብ ይለዋል?

የኔዋ ያገለገለች ናት። ቢጫ ቀለሟ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተፍቋል። ጎማዎቿ ግን እውነተኛ ላስቲክ ናቸው፤ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ይሽከረከራሉ። የፊተኛውን ክፍል ይዛችሁ ስትስቡ እግር ይወጣል። እጆቹ ከግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ጭንቅላቱ ከኋላ ብድግ ይላል። አለቀ። መመሪያ ወረቀት አያስፈልግም። ቮልስ የነዳ፣ ወይም የገፋ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውላል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣ መጫኛዋ ከፊት ነው። መጫወቻዋ ላይም ጭንቅላቱ የሚነሳው ከሞተሩ ቦታ ነው፤ ሻንጣ መጫኛው እግር ይሆናል። ይኼን ባየሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። የሮቦቱ ፊት የትራንስፎርመርስ ካርቱን ፊልም ላይ ካለው ጋር አይገናኝም፣ ክንዶቹም ቀጫጭን ናቸው። ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የትራንስፎርመርስ ፊልም ባምብልቢን ካማሮ አደረገው። ከአለቃቸው ከኦፕቲመስ ፕራይም በቀር ደጋጎቹ ሮቦቶች የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ነበሩ። ያገለገለ መኪና መሸጫው ውስጥ ካማሮው አጠገቡ የቆመችውን ቢጫ ቮልስ በበሩ ሲገጫት ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። እ.ኤ.አ. በ2018 ለብቻው ፊልም ሲሠራለት ተመልሶ ቮልስ ሆነ፤ ቂሜን ያኔ ተውኩት።

ያን ፊልም ተከትላ በስቱዲዮ ሲሪስ ስም የወጣችው የመጫወቻ ቮልስ እንደ መኪና ቆንጆ ናት። ፓርፋንጎው፣ የፊት መብራቱ፣ የኮፈኑ ጉብታ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው። ጣጣው የሚመጣው ስትቀየር ነው። ቦዲው ብዙ ቦታ ተቆራርጧል። አንዷ ጥርስ በቦታዋ ካልገባች ጣሪያው አይገጥምም። ጣሪያውን ስትጫኑ በሩ ይላቀቃል፤ በሩን ስትመልሱ የኋላው ይነሳል። ሮቦት ሲሆን ደግሞ የመኪናው ቅርፊት ጀርባው ላይ ተቆልሎ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሞ የሚወርድ ያስመስለዋል።

ከዚህ የባሰው የውሸት ደረት ነው። አንዳንድ አዳዲስና ውድ መጫወቻዎች ላይ፣ የሮቦቱ ደረት ላይ የምታዩት ኮፈን ወይም መስኮት የመኪናው አይደለም። እውነተኛው ተጣጥፎ ተደብቋል፤ ደረቱ ላይ ያለው ለማስመሰል ብቻ የተሠራ ነው። ካርቱኑን ቁርጥ እንዲመስል ተብሎ ነው፣ ይገባኛል። ግን የዚህ መጫወቻ ደስታው «ይኼኛው ወዴት ሄደ?» ማለቱ ላይ ነው። ኮፈኑ ደረት ሆነ ካላችሁኝ እሱው ራሱ ደረት ይሁን እንጂ! ሁለት ኮፈን ካለው ምኑ ተቀየረ?

አድልዎ አለብህ የሚለኝ አይጠፋም። አለብኝ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ካማሮ የፊልም መኪና ነው፤ ቮልስ ግን የሰፈር መኪና ናት። የአስተማሪው፣ የጡረተኛው፣ ጠዋት ጠዋት አስገፍቶ የሚያስነሳው ጎረቤት። ጃንሆይ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሮቦት አዲስ አበባ ውስጥ ልደበቅ ቢል የትኛዋ ታዋጣዋለች? ቢጫ ካማሮ በቦሌ መንገድ ቢያልፍ ሕዝቡ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀዋል።

ሳጥኑን ሳትከፍቱ መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጡ ወዳጆቼም አላችሁ። ገንዘቡ የናንተ ነው፣ ግን ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥም ያረጃል። ነጩ እያደር ይወይባል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩ አንዳንድ ወርቅማ ቀለም ያላቸው ክፍሎችማ ጉድ ናቸው፤ ሳይነካቸውም ይደክማሉ፣ ልትቀይሩት ስትሉ እጃችሁ ላይ ይፈረፈራሉ። ከፀሐይ አርቁት። ከዚያ ክፈቱትና ተጫወቱበት።

ቀጥሎ የምፈልጋትንም ልንገራችሁ። በዚያው በመጀመሪያው ዘመን፣ የባምብልቢ ወይም የሌላው ድንክዬ ሮቦት የክሊፍጃምፐር ስም ባለበት ካርቶን ተለጥፋ የተሸጠች አንዲት ማዝዳ ፋሚሊያ አለች። የራሷ ስም አልወጣላትም። ሰብሳቢዎች የሁለቱን ስም ቀላቅለው ባምብልጃምፐር ይሏታል። ዋጋዋን አይቻለሁ። ለባለቤቴ ግን ገና አልነገርኳትም።