ከአያት ወዲያ የነበረው አውድማ

ስለ ፎቶ ማንሳት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ «ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለፎቶ ጊዜ የለውም» የተባለው እኔን አላሳመነኝም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት ሰፈር ወዲያ ነው የምኖረው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት ሃያ ደቂቃ አነሳለሁ። በእኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ከፍ ስለምትል ለስላሳው ብርሃንም ከዚያ ብዙ አይቆይም።

ቀላል ባቡሩ ሥራ በጀመረበት በ2008 ዓ.ም. እዚያው ሰፈር ጤፍ ሲወቃ አንስቼ ነበር። አሁን ቦታው ኮንዶሚኒየም ነው። ያኔ አውድማው ላይ በሬ ይነዱ የነበሩትን አባት ባለፈው ወር የዚያው ሕንፃ ጥበቃ ሆነው አገኘኋቸው። ፎቶውን አሳትሜ ሰጠኋቸው። ብዙ ዝም ብለው ካዩት በኋላ «ይሄ እኮ ቡሬ ነው!» አሉኝ፤ በሬውን ማለታቸው ነው። ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም። የጎረቤቶቻቸውንም ስለጠየቁኝ የድሮ ፎቶዎቼን ሌሊት ሌሊት እየፈለግሁ ነው።