ሽልማት ደሞዝ አይደለም

ባሕር ዳር ላይ ማታ የሚሠራ ሙዚቀኛ በአብዛኛው የሚኖረው ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ብር ነው። ቤቱ ሞቅ ካለ ይበላል፣ ቀዝቀዝ ካለ ባዶ እጁን ይገባል። እንግዳው የመጣው ማሲንቆ ሊሰማ ነው። ባለቤቱ በዚያ ሰበብ ቢራውንም ጥብሱንም ይሸጣል። ማሲንቆውን የያዘው ሰው ግን ከሽያጩ ድርሻ የለውም። «ሽልማቱ ያንተ ነው» ይባላል፣ በቃ።

ቤቱ ሲዘጋ ያለውን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲሰቀሉ ሙዚቀኞቹ አንድ ጥግ ይሰበሰቡና ላብ የነካውን ብር በእጃቸው እያቃኑ ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ድምፃዊው፣ ከዚያ ማሲንቆው፣ ከዚያ ከበሮ መቺው፣ በመጨረሻ ተወዛዋዦቹ። ሌሊቱን ሙሉ እስክስታ ስትወርድ ያመሸችው ልጅ አንዳንድ ቀን የሚደርሳት የባጃጅ ሒሳብ ነው፣ ቤቷ አባይ ማዶ ከሆነ ደግሞ በዚያ ሰዓት ባጃጁም በእጥፍ ነው የሚሄደው። ከዚችው ብር ላይ የሚካፈል ባለቤትም አለ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሽልማት ምርቃት ነው። ምርቃት የሚባል ነገር ያለው ደግሞ ዋናው ሒሳብ ሲከፈል ነው።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ነገሩ ባሰ። ግጭቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ጣናን ሊያይ ይመጣ የነበረው እንግዳ ቀረ። በሌሊት የሚበላ ሰው ሌሊቱን ሲነጥቁት ምን ይሠራል? አስተናጋጁ ቢያንስ የሚጠይቀው ደሞዝ ነበረው። ሙዚቀኛውን ግን ከሥራ ወጥተሃል የሚለው ሰው እንኳ አልነበረም፤ መጀመሪያውኑ መቼ ተቀጠረና!

ለዚህ ነው ተደራጁ የምለው። እንደ ሌላው ሠራተኛ፣ በሕጉ መሠረት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ውል በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። በሳምንት አምስት ማታ አንድ ቤት፣ ባለቤቱ በቆረጠለት ሰዓት እየገባ፣ ባለቤቱ የመረጠለትን ልብስ ለብሶ የሚጫወት ሰው ሠራተኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ማኅበርም ከባድ ነገር አይደለም። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማቋቋም ይቻላል። ትንንሽ ቤት የሚሠሩት ደግሞ ከየቤቱ ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፣ አባላቱ ከ10 ካላነሱ። ባሕር ዳር ላይ 10 ሙዚቀኛ ይጠፋል?

ከቅጥር ጋር ጡረታ ይመጣል፤ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስጨፍር የኖረ ሽማግሌ ጣቱ ሲደነዝዝ የልጆቹን እጅ እንዳያይ ማለት ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ያለው የመንግሥት ተቋም፣ የሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ ባለሙያዎቹ ደሞዝተኛ ናቸው። ያው ከበሮ፣ ያው ማሲንቆ ነው። ለምንድን ነው መንገድ ተሻግሮ የሚጫወተው ወንድማቸው ምንም የማይኖረው?

ባለቤቶቹ ገበያ የለም ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ብዙ ቤት ተጎድቷል። ግን የቤት ኪራዩ ይከፈላል፣ መብራቱ ይከፈላል፣ ሥጋ አቅራቢውም በሽልማት አይሠራም። የገበያውን ክሳራ ሙዚቀኛው ብቻ እንዲሸከም የፈረደው ማን ነው?

ዋናው ፈተና ግን ከራሳቸው ከሙዚቀኞቹ መሐል ነው። አንዱ ካልተከፈለኝ አልጫወትም ሲል ሌላው በእራትና በሽልማት ብቻ ገብቶ ይጫወታል። ገበያ አበላሸ ይባላል። ልጁ ላይ መፍረድ አልችልም፤ ከገጠር ማሲንቆውን አንግቶ የመጣ፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት ልጅ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ መጀመሪያ መያዝ ያለበት እሱን ነው። ከዚህ በታች አንጫወትም የሚባል የአንድ ማታ ወለል የሚሠራው ሁሉም ሲገባበት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ሸክላ እንዳያስቀርጹ ከለከለ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሁለት ዓመት በላይ ገተሩ፤ በ1944 ግን ከሸክላ ሽያጭ ለማኅበሩ ፈንድ ሊከፍሉ ተስማሙ። ያ የሆነው ስም ያለውም የሌለውም አብሮ እምቢ ስላለ ነው።

እባካችሁ ደግሞ የሙያ ዕውቅና ማለት ዲፕሎማ ማለት እንዳይሆን። ከአባቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ አራቱን ቅኝት የተማረ፣ እንግዳ የሰጠውን ግጥም ተቀብሎ እዚያው የሚያዜም ሰው ወረቀት የለህም ተብሎ ከበር ከተመለሰ ማኅበሩ ባይቋቋም ይሻላል።

አንድ ነገር ለደጋሾች። ጣና ዳር ሠርግ ስትደግሱ ለአዳራሹ ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ለዲኮሩ፣ ለቪዲዮው፣ ለሞንታርቦውም ትከፍላላችሁ። ለአዝማሪው ግን በደላላ ይደወልና «ና፣ ሸላሚ ሞልቷል» ይባላል። ለእሱም ቀብድ ስጡት። ሲጫወት ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊትም ጠይቁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ክወናው እንዲቀረጽ የመፍቀድ መብቱን የሰጠው ለከዋኙ፣ ማለትም ለተጫዋቹ ነው።

ሙዚቀኛ መደራጀት አይሆንለትም የሚሉ አሉ። አላምንም። ዕቁብ ይጥላሉ፣ ዕድር አላቸው፣ ጓደኛ ሲታመም ኮፍያ አዙረው ያሳክማሉ። ያንኑ ወደ ክፍያው ማምጣት ነው የቀረው። ጊዜውም አለ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ የለም፣ ቤቱም ጭር ይላል። ያኔ ተሰብስበው ወለሉን ይቁረጡ፣ ባለአንድ ገጽ ውል ያርቅቁ፣ ጸሐፊ ይምረጡ። ከፋሲካ በኋላ ደላላው ሲደውል የሁሉም መልስ አንድ ዋጋ ይሁን።