ቀለም የተቀባ ቀዳዳ

ኧረ አሁንስ በቃኝ! ኮምቦልቻ ሄጄ ያገለገለ የብረት ጎተራ ገዛሁ። «እንደ አዲስ ነው» አለኝ ሻጩ። በአይሱዙ አስጭኜ ወስጄ ማሽላዬን ሞላሁት። ዛሬ ስከፍተው ነቀዙ ይተራመሳል! እጄን ብሰድ ዱቄት ዘግኜ ወጣሁ። ታች ጥጉን በጥፍሬ ብፍቀው ቀለሙ ተላጠ። ከቀለሙ ስር ዝገት፣ ከዝገቱ ስር ቀዳዳ።

ነቀዝ የሚሞተው አየር ሲያጣ አይደል እንዴ? ታዲያ አየር የሚያስገባ ምኑ ጎተራ ነው?

ጎረቤቴም በርሜል ገዝታ ነበር። «የዘይት ነው» አሏት። ክዳኑ ሲነሳ የጸረ ተባይ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ልጆች የሚበሉት እህል እኮ ነው የሚገባበት!

«ቀዳዳ አለው» ማለት ምን ይከብዳል? ዋጋውን ቀንሶ ይሸጥልኝ፣ እኔ በያጅ ጋ ወስጄ አስበይደዋለሁ። መደበቅ ለምን? የክረምቱን ሙሉ ላቤን ነቀዝ በላው!