«ሐይቁ የትም አይሄድም» አለን እኮ!

ከጣና ወደብ ጀልባ ሳንሳፈር ተመልሰን አሁን ገና ባሕር ዳር ቤታችን መግባታችን ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅሁም። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ዝም ብላለች። ዝምታዋን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዘጌ ላይ ሊቆረስ የነበረውን ዲፎ ዳቦ ልጆቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እየጨረሱት ነው። ቆሽቴ አሯል። ካልጻፍኩ አላድርም።

የሚገርመው ዛሬ ወንድሜም ስዊዘርላንድ ልጆቹን ይዞ ሽርሽር ወጥቶ ነበር። በባቡር። ወደ በረዶ። በሐምሌ! እዚያ አሁን በጋቸው ነው። ታች ኢንተርላከን ሰው በቁምጣ አይስክሬም ይበላል፣ ላይ ሲወጡ ጃኬትና ጓንት ነው። ቦታው ዩንግፍራውዮኽ ይባላል። ጣቢያው 3,454 ሜትር ላይ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከዚህ ከፍ ያለ የባቡር ጣቢያ የለም። የመጨረሻው መስመር 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 7ቱ በተራራ ሆድ ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ባቡሩ ጥርስ ባለው ሐዲድ እየተሳበ ይወጣል፣ መሐል ላይ ይቆምና በዓለቱ መስኮት የበረዶውን ክምር አሳይቷቸው ይቀጥላል። መቼ ተመረቀ መሰላችሁ? በ1904 ዓ.ም.! አጤ ምኒልክ በሕይወት ነበሩ እኮ። የኛ ባቡር ያኔ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር። ባሕር ዳርማ እስካሁንም አልደረሰ፣ እሱን ትተነዋል።

ደግሞ ቀናሽ እንዳትሉኝ። ከፍታ ከሆነ ራስ ደጀናችን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ያንን ጣቢያቸውን ቁልቁል ያየዋል። እኔን ያበገነኝ ሌላ ነው። ወንድሜ ጠዋት መጀመሪያ የላከው ፎቶ የጣቢያውን ሰሌዳ ነው። መነሻው በደቂቃ ተጽፏል። ቆይቶ እየሳቀ ደወለ፤ አንዲት ሴትዮ እየሮጠች መጥታ በሩ ተዘጋባት አለ። «ሞልቶ ነው?» አለች እማዬ። «ኧረ ግማሹ ባዶ ነው።» «ባዶ ወንበር ይዞ ሄደ?!» እስካሁን አልተዋጠላትም።

እኛስ? እማዬ ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስለት ነበረባት። በ16 እኔ ከሥራ መቅረት ስለማልችል ለእሑድ ተባባልን። ትናንት ወርጄ ጀልባ ተነጋገርኩ፣ ቀብድ ሰጠሁ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ እንዳትዘገዩ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔን! አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰናል። እማዬ ነጭ ለብሳ፣ ጧፍና ዕጣኗን በፌስታል ይዛ፣ እህል ሳትቀምስ። ልጆቹ ላይፍ ጃኬት አድርገው ተደርድረዋል። ስለ ላይፍ ጃኬቱ ብናገር ራሱን የቻለ ፖስት ይወጣዋል። የትንሿ ልጄ መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ ነው የታሰረላት። ሽታውን ተዉት።

ሁለት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ሁለት ተኩል ላይ «ቤንዚን ሊያመጣ ሄዷል» ተባለ። የቤንዚንን ነገር ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ እሺ አልን። ሦስት ሰዓት ላይ «ሁለት ሦስት ሰው ቢገኝ ጥሩ ነበር» አሉ። እኔ እኮ ጀልባውን ሙሉውን ነው የተከራየሁት! ሦስት ተኩል ላይ አንድ ሚኒባስ ዳያስፖራ ከተፍ አለ። አለቀልን።

አሁን ይሄን አንብቡልኝ። መዝገብ የያዘው ልጅ መፋቂያውን ካፉ ሳያወጣ ስሜን ፈለገ።

«የለሽም።»

«ቀብድ ከፍያለሁ።»

«ለማን?»

«ላንተ!»

«እኔ ቅዳሜ አልገባም።»

«እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው የተቀበልከኝ።»

«ወንድሜ ነው። እንመሳሰላለን።»

ጉድ በል ጎንደር! ይሄኔ እማዬ ገባች። «የኔ ልጅ፣ ስለት አለብኝ፣ እህል አልቀመስኩም» አለችው። ልጁ መፋቂያውን አወጣ። ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እነዚህ እንግዶች ነገ በረራ አለባቸው። እናንተ እዚሁ ናችሁ። ሐይቁ የትም አይሄድም።»

ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ነው የረገጠን። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «እሺ።» እሺ! ቢሮ ውስጥ ለአንድ ማኅተም ሰው የማንቀጠቅጠው ሴትዮ፣ እሺ!

«እዚሁ ናችሁ» የምትለዋን ስሰማት የመጀመሪያዬ አይደለም። ሐይቁ ዳር ካፌ ስንገባ ሐይቁ የሚታይበት ወንበር ለእንግዳ ተይዟል ይሉናል። እኛ ጀርባችንን ለጣና ሰጥተን ሽንት ቤቱን እያየን ማኪያቶ እንጠጣለን። እምቦጭ በመጣ ጊዜ ግን «ሐይቃችሁ ነው፣ ኑ ንቀሉ» ተብለን ውኃ ውስጥ ገብተናል። ያኔ እዚሁ መሆናችን በጀ!

ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሩቅ ነው የምሳለመው፣ ከፍቶኝ አያውቅም፤ ሥርዓት ነው። ኡራ ግን ሴት ይገባል። ዛሬ የከለከለኝ ሥርዓት ሳይሆን መፋቂያ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ። «ሌላ ጀልባ አሁን ይመጣል» ብለው አስቀመጡን። እማዬ ድንጋይ ላይ፣ እኔ ቆሜ። መሐል ላይ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። ከነሱ በአንድ ሰዓት እንቀድማለን፤ የምንቀድማቸው በእሱ ብቻ ነው። ልጆቹ በረዶ እየተወራወሩ ይንጫጫሉ። እሱ ግን ተነጫንጯል። ባቡሩ አራት ደቂቃ ዘገየ! አራት ደቂቃ! በነፍስ ወከፍ ከ200 ፍራንክ በላይ ከፍለው ሲደርሱ ደግሞ ላዩ ጉም ነው። ከአልፕስ በረዶዎች ሁሉ ረጅሙ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው አሌች እግራቸው ሥር ነው፣ ግን አንድ ክንድ አልታያቸውም። በዚያ ላይ ከፍታው ራሱን አሞታል። እማዬ አዘነችለት። «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ይግለጥላችሁ» አለችው። እሷ እኮ ያለችው ድንጋይ ላይ ነው! በባዶ ሆዷ!

«እናንተስ የት ደረሳችሁ?» አለ።

«ወደቡ ጋ» አልኩት።

«መጣችሁ ወይስ ልትሄዱ?»

ኔትወርኩ ተቆረጠ ብዬ ዘጋሁት። ትንሿ ልጄ ቀና ብላ «እማ፣ የነሱ ባቡር ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ኢንተርላከን ራሷ እኮ በሁለት ሐይቆች መሐል ያለች ከተማ ነች። እዚያም ጀልባ አለ፣ ጀልባውም ሰሌዳ አለው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ጣና ጠዋት ነው ገራሙ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፤ ይሄን እዚህ የተወለደ ሕፃን ያውቃል። መፋቂያው ተመልሶ መጣና ሐይቁን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ልጆቹን አየ። «አሁን እንኳ ማዕበል ነው። ከልጆች ጋር አንመክርም።» ማዕበሉ እስኪመጣ ያስቀመጠን ማን ሆነና!

ትልቁ ልጄ «በቃ ጢስ ዓባይ እንሂድ» አለ። ልክ ነው፣ ክረምት ነው፣ ፏፏቴው አሁን ሞልቷል። ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጭቃ፣ ማን ይወስደናል? ደግሞ ባለፈው በጋ ሄደን ያየነውን አልረሳሁትም። ውኃው ለመብራት ማመንጫ ተጠልፎ ቋጥኝ ስናይ ዋልን። ለመብራት ከሆነ ይሁን ብዬ ችዬው ነበር። ማታ ቤት ስንገባ መብራት የለም!

ባጃጁ «ዝናብ ነው» ብሎ እጥፍ ጠየቀን። ከፈልኩ። ለልጁ መልስ የመጣልኝ ይሄኔ ነው። «ሐይቁማ የትም አይሄድም፣ እኛን ነው የትም አናስኬድ ያላችሁት!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ደንግጦ «እኔን ነው?» አለ።

ቀብዱን ደግሞ ስነሳ ጠይቄው ነበር። «አይመለስም፣ ለሌላ ቀን ይያዝልሻል» አለኝ። የት ነው የሚያዝልኝ? መዝገቡ ላይ የለሽም አላልከኝም?

ኮሜንት ላይ «ታገሺ እህቴ፣ ለበጎ ነው» ልትሉ የምትዘጋጁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ብሎክ ነው የማደርጋችሁ። የታወቀ ጀልባ ያለው ሰው ካለ ግን ኢንቦክስ። ቀብድ አልሰጥም።